ሴት የማትዘፍንበት ዝርዝር

ሠርግ ላይ ዘፈን የሚመርጡት ሙሽሮቹ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ሠርግ ተጠርቶ እንጂ ሠርግ ሠርቶ አያውቅም። የሚመርጠው ጥግ ላይ፣ ከሽቦ ክምር ኋላ የቆመው ሰውዬ ነው። ዝርዝር ይመጣልኛል፣ በሁለት እጄ እቀበላለሁ፣ አመሰግናለሁ፤ ከዚያ አዳራሹን አይቼ የመሰለኝን አጫውታለሁ። አሮጊቶቹ ወንበራቸው ላይ መነቃነቅ ሲጀምሩ ካየሁ የወጣቶቹ ጭፈራ ይቆያቸዋል። የተኳረፉ ወንድማማቾች ጎን ለጎን ከቆሙ ስለ ወንድም የተዘፈነ ነገር ወደዚያ አላስጠጋም። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ስሠራ የሰው ፊት አይቶ ዘፈን ማወቅ ተክኜበታለሁ። ሰፈሩ «ጋሽ ስፒከር» ይለኛል፤ ትክክለኛ ስሜን የማገኘው መታወቂያዬ ላይ ብቻ ነው።

ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም። የሰው ፊት አነባለሁ ባዩ ሰውዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አፍንጫው ሥር የነበረውን ፊት ሳያነብ እንደቀረ ልነግራችሁ ስለሆነ ነው።

ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። እናቷ የሞተችው እሷ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ነው። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ የፊተኛው የስፒከርና የአምፕሊፋየር መጋዘን፣ የኋለኛው መኖሪያ። ልጄ የቤት ሥራዋን የምትሠራው ትልቁን ስፒከር ጠረጴዛ አድርጋ ነበር፤ እንቅልፍ ሲጥላትም እዚያው ነው የሚጥላት። እናቷ በሕይወት ሳለች፣ ልጅቱ ገና የአራት ዓመት ልጅ ሆና፣ የሠርጓን መግቢያ ዘፈን መርጣላት ነበር። አንዲት ሴት በዋሽንት ታጅባ የምትዘፍነው ነው፤ ልጇን ሸኝታ በሩን መዝጋት ስላቃታት፣ ገርበብ አድርጋ ስለተወችው እናት። መሐል ላይ ከበሮውም ዋሽንቱም ዝም ይሉና ሴትዮዋ ብቻዋን ትቀራለች። ባለቤቴ እዚያ ቦታ ሲደርስ ሁልጊዜ በእጇ የያዘችውን ነገር ታስቀምጥ ነበር። «ይቺ ስትዳር ይህን ታጫውታለህ፤ አደራ» አለችኝ። ከሞተ ሰው የተቀበሉትን አደራ ደግሞ እንነጋገርበት ማለት አይቻልም።

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ልጄ ዝርዝሯን ይዛ መጣች። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። ድምፅዋ እንደ እናቷ ቀጭን ነበር፤ ከዓመት ወዲህ ግን ወፍሮ፣ ከደረቷ የሚወጣ ሆኗል። ሃምሳ ሕፃን ላይ ስትጮህ ስለምትውል ጉሮሮዋ የተበላሸ መስሎኝ ማር ገዝቼላት ነበር። ማሩን ተቀብላ አመሰገነችኝ።

ወረቀቱ ላይ፣ በዚያ በሚያምረው የአስተማሪ ጽሕፈቷ፣ አርባ ሁለት ዘፈን ተጽፏል። መነጽሬን አድርጌ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ከዚያ ከታች እስከ ላይ። አንድም ሴት የለችበትም። ዋሽንት የለም፣ ቫዮሊን የለም። ሁሉም ጎርናና ወንድ ነው፤ ከበሮ ነው፤ ቤዝ ነው። እንዲህ ያለ ዝርዝር ከወታደር ካምፕ ቢመጣልኝ ባልገረመኝ።

ማነው የመከረሽ አልኳት። ሙሽራው የመሬት ቀያሽ ነው፤ ቃል ከአፉ በልመና የሚወጣ፣ ክፋት የሌለበት ልጅ ነው። ዘመዶች ግን አሉት፤ እኔም የሴት ዘፈን የማይወድ ዘመድ ሳይኖር አይቀርም ብዬ ነገሩን በእነሱ ላይ ደፈደፍኩት። እሷ ማንም አልመከረኝም አለች። ሰው እንዲጨፍር ብላ እንደመረጠች፣ ከበሮ የበዛበት እንደሚያስጨፍር ነገረችኝ። ስትናገር ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ ቃል በቃል፣ ተማሪዎቿን ጽሕፈት እንደምታስጽፍ ሆና ነው።

«የእናትሽስ ዘፈን?» አልኳት።

«እሱ ይቅርብኝ፣ አባዬ።»

ደሜ ፈላ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፣ የማይመለስ ነገር ተናገርኩ። እናትሽን ረስተሻታል አልኳት፤ በስተርጅና አደራ በላ ልታደርጊኝ ነው አልኳት። ወረቀቱን ጨምድጄ ወረወርኩት። አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ አነሣችው፣ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በመዳፏ አቃናችው፣ አምፕሊፋየሩ ሥር ሸጎጠችውና ወጣች።

በማግስቱ ክሴን ይዤ ዋርሳዬ ዘንድ ሄድኩ። የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት፤ የልጄን ቬሎ የምትሰፋውም እሷው ነበረች። ምላሷ ከመቀሷ ይልቅ ይቆርጣል፤ ድምፅዋም ድሮ የጎረነነ ነው፣ ስልክ ስታነሣ «ጌታዬ» የሚሏት ዓይነት። ስገባ ቬሎው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ አፏ ስፒል ሞልቷል። ሳታቋርጠኝ ያዳመጠችኝ በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። የልጅቱን ክህደት፣ የአማቾቼን ተንኮል አንድም ሳላስቀር ዘርዝሬ ስጨርስ፣ ስፒሎቹን ከአፏ አንድ በአንድ አወጣቻቸው። ከዚያ ተነሥታ አጠገቤ ድረስ መጣች።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ ጮክ ብላ፣ «ጆሮህ እኮ ሄዷል። ልጅቷ የጻፈችው አንተ የምትሰማውን ብቻ ነው።»

ሳቅሁባት። እሷ አልሳቀችም። ቁጭ አድርጋ ነገረችኝ። ልጄ ዓመት ሙሉ፣ እሑድ እሑድ፣ እኔ የተበጠሰ ኬብል ስበይድ አጠገቤ ተቀምጣ ዘፈን እየከፈተች እግሬን ስታይ ኖራለች። እግሬ መሬቱን ከመታ ዘፈኑን ትጽፈዋለች፤ እግሬ ዝም ካለ ትሰርዘዋለች። የእናቷን ዘፈን ስድስት እሑድ ሞክራዋለች። ስድስቱንም ጊዜ ከበሮው ሲመታ እግሬ ሲመታ ቆይቶ፣ ሴትዮዋ ብቻዋን ስትቀር ቀና ብዬ «ምነው ዘጋሽው?» ብያታለሁ። አንዱንም አላስታውሰውም። ድምፅዋን ያወፈረችውም ለእኔ ብላ ነው አለች ዋርሳዬ፤ ከእኔ ቤት በወጣች ቁጥር ጉሮሮዋን እያሸች ነው የምትሄደው።

ሰው ሁሉ ያውቃል ወይ አልኳት። ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ ቀጭኑ ድምፅ ሲጠፋብኝ ማዞሪያውን ከፍ፣ ሲጠፋብኝ ከፍ እያደረግሁ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የሠርገኛውን ጆሮ ስበሳ ኖሬአለሁ። ሰዎች ከቤታቸው ጥጥ ይዘው ይመጡ ነበር። ባለፈው ወር አንድ የሙሽራ አባት ሁለቱንም ጆሮውን በጥጥ ወትፎ «እጅህ ይባረክ» ብሎ ሲጨብጠኝ፣ እኔ ጆሮውን ያመመው መስሎኝ እግዜር ይማርህ ብዬዋለሁ። ታዲያ እንዴት አንድ ሰው አይነግረኝም ብል፣ ዋርሳዬ ማን ይንገርህ፣ ሁሉንም ይሉኝታ ያዘው አለችኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ስሰማ ስለ ሐሜት የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ማወቄን ለልጄ እንዳትነግራት አስምዬ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ የባለቤቴን ዘፈን ከፈትኩ። ከበሮው አለ። ከከበሮው ኋላ ቤዙ አለ። ሴትዮዋ የለችም። ሚክሰሩ ላይ ጎንበስ ብዬ የቀጭኑን ድምፅ ማዞሪያ ሳየው መጨረሻው ላይ ቆሟል፤ ከዚያ በላይ የሚሄድበት የለውም። መሐሉ አካባቢ በአቧራ የተሸፈነች አንዲት ቀይ ነጥብ አለች። ባለቤቴ ናት በጥፍር ቀለሟ ያደረገችብኝ፤ ከዚህ እንዳታልፍ፣ ጆሮ ታሳምማለህ ብላ። በአውራ ጣቴ አቧራውን ጠረግኩና እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የማፍረው ሰው አልነበረም።

ሐኪም ዘንድ ብቻዬን ሄድኩ። አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ ሣጥን ውስጥ አስገብተው ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፉልኝና ድምፅ ስትሰማ ይህን ተጫን አሉኝ። እኔ ደግሞ ሞኝ አይደለሁም፤ በመስታወቱ የሐኪሙን እጅ እያየሁ፣ እሱ ሲነካ እኔ ስጫን ቆየሁ። ገባውና ወንበሬን ወደ ግድግዳው አዞረው። ከዚያ በኋላ የተጫንኩት ጥቂት ነው።

ሐኪሙ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ነበርና እያንዳንዱን ቃል ሰማሁት። ወረቀት ላይ የተሰመረ መስመር አሳየኝ፤ ትንሽ ሜዳ ይሄድና ገደል ይገባል። የደነዘዘ ቢሆን ይታከም ነበር አለኝ፤ ያንተ ግን ሞቷል፤ ከስፒከር አጠገብ የኖርክበት ዓመት ነው የገደለው፤ የቀረውም ይከተላል፤ ሁለት ዓመት፣ ቢበዛ ሦስት። ጆሮ ላይ የሚደረገውን ማጉያ ጠየቅሁት። ለወፍራሙ ድምፅ ለጊዜው ሊረዳ እንደሚችል፣ ለቀጭኑ ግን እንደማይረዳ ነገረኝ። ማብራራት ሲጀምር በቃህ አልኩት። ማጉያ ያለውን ነው የሚያጎላው፤ የሌለውን ከየት ያመጣዋል? ይህን እኔ ለስንት ሰው አስረድቻለሁ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ፤ ቤት ስደርስ የሽቦ መሳቢያዬ ውስጥ ከሁሉ በታች አደረግኩት። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ለልጄ ዝርዝሯን እንደተቀበልኩ ነገርኳት። አርባ ሁለቱም ይዘፈናል፤ መግቢያው ግን የእናትሽ ነው አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ በወፍራም ድምፅዋ እሺ አለች። እሷ የማውቅ አይመስላትም፤ እኔም እንደማላውቅ ሆንኩ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ሆነን፣ አንዳችን ለሌላችን ስንጠነቀቅ ሳምንቶቹ አለቁ።

የሠርጉ ዕለት አዳራሹ ከቀትር በፊት ሞላ። ዕቃዬን ተከልኩ፣ የተጨማደደውን ዝርዝር ሚክሰሩ አጠገብ ዘረጋሁት፣ የቀጭኑን ድምፅ ማዞሪያ በቀይዋ ነጥብ ልክ አደረግኩት። እንግዶቹን ቃኘሁ። ጥጥ ያዘጋጁ ነበሩ፤ አንዲት ሴትዮ ገና ከመግባቷ ከቦርሳዋ ስታወጣ አየኋት። ቆይ ዛሬ ታያላችሁ አልኩ በሆዴ።

በሩ ተከፈተና ዘፈኑን ለቀቅሁት። ከበሮው ገባ። እኔ የምሰማው ከበሮና ቤዝ ነው፤ የሰዎቹን ፊት ሳይ ግን ልክ እንደሆነ አወቅሁ። ማንም ፊቱን አላጨማደደም። ሴትዮዋ ጥጧን መልሳ ቦርሳዋ ከተተች። ዋርሳዬ ከፊት ወንበር ዞራ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች። በሁለት ዓመት ውስጥ በወጉ ሠርግ የሠራሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም ሦስት ደቂቃ ያህል ነው።

ልጄ ገባች። ቬሎው ላይዋ ላይ ፈሷል። አንገቷ፣ አረማመዷ፣ ሁሉ ነገሯ እናቷን ሆነብኝ፤ የት እንደቆምኩ ረሳሁ። ያ ሁሉ ልምምድ፣ ሳምንት ሙሉ የዘፈኑን ምት በጣቴ እየቆጠርኩ ያጠናሁት፣ ብን ብሎ ጠፋ። እሷ ከአዳራሹ መሐል ስትደርስ በድንገት ጸጥ አለ።

ዝምታ የሙያዬ ጠላት ነው። ሠርግ መሐል ዝም ያለ ስፒከር ማለት የእኔ ውርደት ማለት ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት እጄን ያሠለጠንኩት ዝምታን እንዲገድል ነው። እጄ ከጭንቅላቴ ቀደመ። ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን ዘፈን፣ ጭፈራውን፣ በሙሉ ኃይሉ ለቀቅሁት።

የሠራሁትን ያወቅሁት ከዋርሳዬ ፊት ነው። አፏን በእጇ ያዘች። ሴትዮዋ ብቻዋን የቀረችበት ቦታ ነበር። ባለቤቴ ሥራዋን ጥላ የምታዳምጠው ቦታ ነበር። ልጄ አንድ እግሯን እንዳነሣች ቆመች፤ ወደ እኔ አየች፤ ፊቷ ላይ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ። ከዚያ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ሁሉም አጨበጨበ፤ እነዚያ ደጋግ ሰዎች ያጨበጨቡት እኔን ከእፍረት ለማዳን ነው። ሙሽራው የልጄን እጅ ያዘና ጭፈራ የማያውቀው ያ ቀያሽ መጨፈር ጀመረ። እሷም ጨፈረች። አርባ ሁለቱን ዘፈን በሙሉ ሰማሁ፤ እያንዳንዱን፤ እሷ እንደፈለገችው።

አመሻሽ ላይ ሲሄዱ በር ድረስ ሸኘኋቸው። መኪናው ቆሞ ይጠብቃል፤ ዘመድ ሁሉ ከቦናል። ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና አፏን ጆሮዬ ላይ አድርጋ ተናገረች። ብዙ ተናገረች። ግን እያለቀሰች ነበር፤ ለቅሶ ደግሞ ድምፅን ያቀጥናል። ያ ለእኔ ብላ ስታወፍረው የኖረችው ድምፅ ከእጇ አመለጣትና የራሷ ድምፅ ወጣ። ትንፋሽዋ ጆሮዬን ሲያሞቀው ይሰማኛል፤ ከቃሉ አንድም አልደረሰኝም። ስትጨርስ ራሷን ቀና አድርጋ ዓይን ዓይኔን እያየች ጠበቀችኝ።

ድገሚልኝ ማለት ነበረብኝ። ሰው ሁሉ እያየን ነበር፤ እሷም ያን ለመናገር ስንት ቀን እንዳማጠች ፊቷ ላይ ይታያል። በሥራዬ ሰዎች በጩኸት መሐል መጥተው ዘፈን ሲጠይቁኝ፣ ሰማሁም አልሰማሁም፣ እሺ ነው የምለው።

«እሺ» አልኳት።

ግንባሬን ሳመችኝና መኪናው ውስጥ ገባች።

ካልሰሙት ትእዛዝ የሚከብድ ትእዛዝ የለም። ምን ብላኝ ይሆን እያልኩ ወር አለፈ። ሲጋራ ተው ብላኝ ይሆናል ብዬ ሲጋራ ተውኩ። የእናቷን መቃብር ሄጄ አረሙን ነቀልኩ። ከተጣላሁት ጎረቤቴ ጋር ታረቅሁ፤ ሰውዬው እስካሁን ግራ እንደገባው ነው። ዋርሳዬን ብጠይቃት ለእኔ አልነገረችኝም አለች። ልጄን ደውዬ እንዳልጠይቃት ስልክ ለእኔ ከንፈሩ የማይታይ ሰው ነው።

በወሩ ከባሏ ጋር መጣች። እሱ ሽቦውን ተሻግሮ ስፒከሩ ላይ ተቀመጠ፤ እሷ ፊት ለፊቴ ወንበር ሳበች። ጉሮሮዋን ጠረገች። ሲያወፍሩት የሚያምም ነገር መሆኑን ያን ጊዜ አየሁት፤ አንገቷ ላይ ሥሯ ይገተራል።

«አባዬ፣ ያልኩህን አደረግከው?»

ምን ልበላት? ወር ሙሉ ምን እንዳለችኝ ስገምት እንደነበር ልንገራት? «አዎ» አልኳት።

«ታዲያ ሐኪሙ ምን አለህ?»

ሐኪም ዘንድ ሂድልኝ ነበር ያለችኝ። ይህንን ነበር እያለቀሰች የለመነችኝ፤ እኔ ደግሞ ገና ሳትለምነኝ ሄጄ መልሱን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። መሳቢያው በክንዴ አጠገብ ነበር። ወረቀቱን አውጥቼ ያን ገደል የገባ መስመር ላሳያት እችል ነበር። ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ ላይ የተጻፈው አንድ ዘፈን ብቻ ነው፤ ሌላ ዘፈን ማስገቢያ አልነበረውም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው የጠየቀኝን ሳጫውት የኖርኩ ሰው ነኝና እሱኑ አጫወትኩላት። ድኛለሁ አልኳት። መድኃኒት ሰጥቶኝ፣ አሁን ሁሉንም እሰማለሁ፤ ቀጭኑንም፣ ወፍራሙንም።

ልጄ እጇን አንገቷ ላይ አሳረፈች። ባሏን ዞራ አየችው፤ እሱም ፊቱ በራ። ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ እጄን ያዘችና መናገር ጀመረች፤ አንገቷ ላይ ያ የተገተረው ሥር ጠፍቷል፣ ከንፈሯ እንደ እናቷ ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። በራሷ ድምፅ ነበር የምትናገረው።

ከጎረቤት ግድግዳ ወዲያ እንደሚወራ ያለ ጉርምርምታ ብቻ ይደርሰኛል። ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። እጇን እያወራጨች ረጅም ነገር አወራችኝ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ያጠራቀመችውን ሁሉ መሰለኝ። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ዝም ብላ መልሴን ጠበቀች።

«እሺ፣ ልጄ» አልኳት።